ስለ ሰገራ ምርመራ የጠየቃችሁኝ

የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሳታፍሩ ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት ከመጡት ጥያቄዎች የተወሰኑትን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ቤት የያዝኩትን ናሙና ከሰዓት ባደርስ ችግር አለው?

መልስ፦ ተቅማጥ ከሆነና አሜባ የሚፈለግ ከሆነ፣ አዎ። ሕያው አሜባ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሰውነቱን ወደፊት እየዘረጋ ይሳባል። ከወጣ በኋላ ግን ቶሎ ይሞታል፣ ቅርጹም ይበላሻል። ስለዚህ ቀጭን ሰገራ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢታይ ይመረጣል። ከተቻለ እዚያው ላብራቶሪው ጋ ይስጡ። ሽንትም ውኃም አይቀላቀልበት። ደም ወይም ንፍጥ ካለው ከዚያው ላይ ይውሰዱ፤ ብዙ ሰው ተጸይፎ ጥሩ ጥሩውን መርጦ ያመጣል፣ የምንፈልገው ግን ደም ወይም ንፍጥ ያለውን ነው።

ጥያቄ፦ ሆዴን ይነፋኛል፣ ያስቀምጠኛል። ተመርምሬ «ምንም የለም» ተባልኩ። ነፃ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ በአንድ ናሙና እንዲህ ማለት አይቻልም። ለምሳሌ ጃርዲያ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ አንጀት ውስጥ እያለ በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም። በተለያዩ ቀናት 3 ናሙና የሚጠየቀው ለዚህ ነው። መመላለሱ እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ ግን ያዋጣል። የአንቲጅን ምርመራ (የተውሳኩን ፕሮቲን የሚፈልግ) ካለ ደግሞ የተሻለ የማግኘት ዕድል አለው።

ጥያቄ፦ ምንም ሳያመኝ አሜባ ተገኘብኝ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ በሽታ የሚያመጣው ኤንታሜባ ሂስቶሊቲካ ነው። ኤንታሜባ ዲስፓር የሚባለው ግን ጉዳት የለውም። ሲስታቸው (ሽፋን ያለው ቅርጻቸው) በማይክሮስኮፕ አይለይም፤ የሚለያቸው ፒሲአር (ዘረመልን የሚፈልግ ምርመራ) ወይም ለሂስቶሊቲካ የተሠራ የአንቲጅን ምርመራ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ሂስቶሊቲካ መሆኑን የሚያስጠረጥረን አሜባው ቀይ የደም ሴል ውጦ ስናየው ነው። መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለጨጓራ ባክቴሪያ በሰገራ ስመረመር ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻውን) ላቁም?

መልስ፦ ሐኪምዎ ከፈቀደ፣ 2 ሳምንት ቀደም ብለው። አንቲባዮቲክ ከወሰዱ ደግሞ 4 ሳምንት ይለፍ። አለዚያ ባክቴሪያው እያለ ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። መዳንዎን ለማወቅ በደም አይመርመሩ፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ከዳኑም በኋላ ደም ውስጥ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ሰገራ ውስጥ የሚለካው ካልፕሮቴክቲን የሚባለው ፕሮቲን ምን ያሳያል?

መልስ፦ አንጀት ውስጥ ብግነት መኖሩን። ምክንያቱን አይናገርም። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ከፍ ሊያደርጉት ስለሚችሉ ከወሰዱ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ አባቴ ሰገራው ውስጥ ድብቅ ደም ተገኘ። ካንሰር ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ኪንታሮትም ሊሆን ይችላል። ግን እባክህ፣ «እስቲ ድጋሚ ይታይ» ብላችሁ ኔጌቲቭ ሲሆን አትተዉት። የሚደማ ነገር በየቀኑ አይደማም። ቀጣዩ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ነው፤ ቀጠሮውን አሁኑኑ ያዙለት።