መልስ፦ ስለ ጉድጓድ ውሃ ናይትሬት (ከማዳበሪያና ከእንስሳት ፍግ ወደ ውሃ የሚገባ ኬሚካል) የስፓኒሽ በራሪ ወረቀት ይበቃል ወይ?

በካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን ሸለቆ ላሉ የእርሻ ሠራተኞች ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ከመካከላቸው በርካቶች ከሜክሲኮዋ ኦአሃካ ግዛት የመጡ፣ ሚሽቴኮና ትሪኪ የሚባሉ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው በአብዛኛው የሚነገር እንጂ የሚነበብ አይደለም። መልእክቱን በድምፅ ቀድታችሁ በስልክ አሰራጩ፤ ቋንቋውን የሚችል ሰው ደግሞ ከሥራ መልስ ቤት ለቤት ይዙር።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ማፍላቱን ነው። ውሃው ሲፈላ ይተናል፣ ናይትሬቱ ግን ይቀራል፤ እንዲያውም ይበረታል። የከሰል ማጣሪያም አያወጣውም፤ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በግፊት በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያስፈልጋል። የአሜሪካ ወሰን በናይትሮጅን ሲሰላ በሊትር 10 ሚሊግራም፣ በናይትሬት ሲሰላ 45 ያህል ስለሆነ የላቦራቶሪው ወረቀት በየትኛው እንደጻፈው እዩ። ከዚያ ካለፈ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የዱቄት ወተት በዚያ ውሃ ፈጽሞ አይበጥበጥ፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ናሙና ከወሰዳችሁ ደግሞ ውጤቱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ አደራ።