ጥፍር አይተህ ብቻ «ውሻ ነው» እንዳትል

ሰላም ወንድሜ። ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ ሌሊት ሁለት በግ እንደሞተብህ፣ ጠዋት በበረቱ ዙሪያ ጥፍር ያለው ዱካ እንዳገኘህ ጽፈሃል። «ጅብ ነው፣ ነብር ነው ወይስ የሰው ውሻ?» ነው ጥያቄህ። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ ውሻ ነው ብለውሃል። እኔም ዳባት ላይ እንዲሁ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ።

1. ጥፍር። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባል። ዱካው ክብ ነው፣ አራት ጣት፣ መዳፉም ከኋላ በኩል ሦስት ቦታ እብጥ ያለ ነው። ዳገት ላይ ጭቃ ካንሸራተተው ግን እሱም ጥፍሩን ያወጣል። ውሻና ጅብ ሁልጊዜ ጥፍራቸው ይታያል ማለት ይቻላል። ጅብን የፊት እግሩ ይለየዋል፤ ከኋላው ይተልቃል። እዳሪው ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፣ አጥንት ስለሚቆረጥም።

2. እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ዱካው መቼ እንደተረገጠ ሳታውቅ የማን ነው አትበል። ወሩ ግንቦት ነበር። መሬቱ አቧራ ነው፣ ሌሊት አንድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት በጌ አጥር ስር ተጋድሟል። በዙሪያው ጭቃው ላይ ጥርት ያለ የውሻ ዱካ። ሌላ ምን ልፈልግ? የጎረቤቴ ውሻ እንደሆነ ወዲያው ደመደምኩ። ጎረቤቴ ደግሞ አዛውንት ናቸው፣ የልጄ የክርስትና አባት። ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ 7 ሺህ ብር ተፈረደባቸው። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ከፈሉ። ውሻውንም ቆላ ላሉ ዘመዶቻቸው ሰደዱት።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ በግ ሞተ። ውሻው በሌለበት!

ያኔ ነው የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ ለአጎቴ ያሳየሁት። እረኝነት ያረጀበት ሰው ነው። በጉን ሲያነሱት ያነሳሁት ፎቶ ላይ ቆም አለና «ከሥሩ ያለው መሬት ምንድን ነው?» አለኝ። ደረቅ አቧራ! በጉ የወደቀው ከዝናቡ በፊት ነው። የውሻው ዱካ ግን ጭቃ ላይ ነው፣ ከዝናቡ በኋላ። ውሻው ደም ሸትቶት ንጋት ላይ የመጣ እንግዳ ነበር። የገዳዩን ዱካ ዝናቡ አጥቦታል።

አዲሱን በግ አገላበጥነው። ጉሮሮው ላይ ሁለት ጠባብ ቀዳዳ፣ ሌላ ቦታ ጭረት የለም። ነብር አንቆ ነው የሚገድል። ውሻ እኮ ጭኑንም ጆሮውንም እየዘነጣጠለ፣ ሦስት አራቱን ነክሶ ሳይበላ ይሄዳል።

ብሩን መለስኩ። እሳቸውም «ይሁን» ብለው ተቀበሉኝ። ውሻው ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ በራቸው ላይ ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

3. ጉዳቱን ለማመልከት የመንግሥት ቢሮ መሄድህ አይቀርም፣ ስለዚህ ተዘጋጅ። እኔ ስሄድ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ከነብሩ ጋር ፎቶ ተነስተህ ና» አለኝ። አብረውት ያሉት ሳቁ። ማመልከቻ አምጣ፣ ማህተም አስመታ፣ ሦስት ቀን አመላለሱኝ። አንድ ነገር ግን እውነቱን ነው፤ የዱካው ፎቶ መለኪያ የለውም ነበር። የድመት ይሁን የነብር በምን ይታወቃል? አሁን ኪሴ ክብሪት አይጠፋም። ዱካው አጠገብ አስቀምጬ፣ ከላይ ቀጥ አድርጌ አነሳለሁ። ሰፈሩ በግ ሲሞትበት መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ሆኗል፣ ቢሮው አይደለም።

ቀይ ቀበሮ ነው የሚልህን ሰው ደግሞ አትስማው። ዋና ምግቡ አይጥ ነው፣ ቢበዛ ግልገል ቢነካ ነው እንጂ ሁለት ሙሉ በግ አይጥልም። በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ከ500 በታች ነው፣ ያውም እዚሁ አገራችን ብቻ። መርዝ አስቀምጥ ያለህ ካለ እሱን ሰው ከቤትህ አስወጣ።

አሁን ዱካው ተረጋግጦ ጠፍቷል ብዬ እገምታለሁ፣ የእኔም እንዲያ ነበር። የበጎቹ ቆዳ ግን ካለ የአንገቱን ፀጉር ገለጥ አድርገህ እይ። ለቆዳ ነጋዴ ሸጠኸው ከሆነም ሮጠህ አስመልሰው። ጎረቤትህን እስከዚያ ምንም እንዳትለው።