ሰርከስ ለምትቀርጹ ልጆች

ልጆች፣ እኔ የመድረክ ትርኢት ስቀርጽ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የምትሠሯቸውን የሰርከስ ቪዲዮዎች አያለሁ። ካሜራችሁ ግሩም ነው፤ መቁረጥ ግን ታበዛላችሁ።

አክሮባቱ ሲነሳ አንድ ሾት፣ አየር ላይ ሌላ ሾት፣ ሲያርፍ ደግሞ ሌላ። ተመልካቹ ወዲያው «ኤዲቲንግ ነው» ይላል። ልጁ ስንት ዓመት የለፋበት ነገር ገደል ገባ ማለት ነው። ከመነሻው እስከ ማረፊያው በአንድ ሾት ይሁን፤ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ይታይ። ወለሉም ይግባ፤ ትራፔዝ (ከላይ የተንጠለጠለው ዥዋዥዌ) ላይ ያለችውን ልጅ ብቻ ካሳያችሁ ከፍታው አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1928 በተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያኑ ባስተር ኪተን የቤት ግድግዳ ሙሉውን ሲወድቅበትና እሱ በመስኮቱ ክፍተት ሲተርፍ የምናየው ሳይቆረጥ ነው። ዛሬም ያስደነግጣል።

ሰርከስ ድሮ ክብ ነበር። እንግሊዛዊው ፈረሰኛ ፊሊፕ አስትሊ እ.ኤ.አ. በ1768 ለንደን ላይ ሲጀምረው የፈረስ ትርኢት ነበር፤ ሰዉም ዙሪያውን ከቦ ያይ ነበር። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ፊትና ኋላ አገኘ። ስለዚህ ዋናው ካሜራ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ መሀል ላይ ይቁም።

ክሎዝ አፕ፣ ማለትም ከቅርብ አጉልቶ መቅረጽ፣ ክልክል ነው አላልኩም። ሰዎች ተደራርበው ሲቆሙ ካሜራው ሁሉ ወደ ላይኛዋ ልጅ ይሮጣል። እኔ የምወደው ከታች ያለውን ነው። ጭኑ ይንቀጠቀጣል፤ የእግሩ ጣቶች ምንጣፉን ይቆነጥጣሉ፤ ፊቱ ግን ፈገግ ብሏል። ትርኢቱ የቤተሰብ ታሪክ ከሆነ ማን ማንን እንደተሸከመ የሚገባን እዚህ ጋ ነው።

ክላውኑ፣ ማለትም አስቂኙ ተጫዋች፣ ላይ ስትደርሱ ደግሞ እባካችሁ ዝምታውን አትብሉበት። ባርኔጣው ይወድቃል። ያየዋል። ቀና ብሎ እኛን ያየናል። መልሶ ባርኔጣውን ያያል። ሳቁ የሚፈነዳው ያኔ ነው። «ረዘመ» ብላችሁ ከቆረጣችሁት ቀልዱ አለቀለት። የሰዉን ሳቅ የሚይዝ ማይክ ለብቻው አስቀምጡ፤ ያለ ሳቅ ክላውን ያሳዝናል።

ልምምዱን መጀመሪያ ያለ ካሜራ ቁጭ ብላችሁ እዩ። የደከመን አክሮባት «ለካሜራ ድገምልኝ» አትበሉት፤ ሰው የሚሰበረው እንዲህ ነው። ከተቻለ ሁለት ቀን ቅረጹ፣ አንዱን ቀን ከሩቅ፣ ሌላውን ከቅርብ። ክላውኑን ግን በሁለቱም ቀን ሙሉውን ያዙትና ከአንዱ ቀን ብቻ ውሰዱ። እሱ የሚጫወተው ከተመልካቹ ጋር ስለሆነ የዛሬው ከትናንቱ አይገጥምም።