ተወካያችን ጥያቄዬን ይዘው ቢሄዱ ሥራ አገኛለሁ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በብረታ ብረት ሥራ እስከ ደረጃ ሦስት ሠልጥኜ የብቃት ምዘናውንም አልፌያለሁ። ለትብብር ሥልጠና የተላክሁበት ወርክሾፕ ግን ‹ሴት ልጅ እሳት አጠገብ ምን ትሠራለች› ብሎ አራት ወር ሙሉ ደረሰኝ ሲያስጽፈኝ ዋለ። ከተመረቅሁ ዘጠኝ ወሬ ነው፤ ሥራ የለኝም። በቅርቡ በተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ክልላችን እንደራሴ ወደ ቀበሌው አዳራሽ መጥተው የትምህርት፣ የተግባር ልምምድና የሥራ ዕድል ጉዳይ ለመንግሥት እንደሚያቀርቡ ነገሩን፤ ጥያቄ ያለንም በጽሑፍ እንድንሰጥ ጠየቁን። እኔ ‹መንግሥት ለወጣቱ ሥራ አጥነት ምን እየሠራ ነው?› ብዬ ጽፌያለሁ፤ ገና አልሰጠሁም። በዚህ መሐል ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል በገንዘብ ተቀባይነት ከሰኞ ጀምሮ ግቢ ብሎኛል። ገበያው ቀዝቃዛ ነው፣ የጓሮ በሩ እንኳን ዝጎ ወድቋል፤ ደመወዙም ትንሽ ነው። የመንግሥትን መልስ ልጠብቅ ወይስ ልግባ? ብገባስ ሙያዬ አይጠፋም?»

ልጄ፣ ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽልኝን የትብብር ሥልጠና መዝገብ ፎቶ ሁለት ጊዜ አየሁት። አሥራ ስድስት ሳምንት፣ አሥራ ስድስት ፊርማ። ሁሉም በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፤ በአንድ ቀን በአንድ ትንፋሽ እንደተፈረሙ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። «የተሠራው ሥራ» በሚለው ዓምድ ሥር «በጥሩ ሁኔታ እየሠራች ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ያለው ደግሞ የመደጋገሚያ ምልክት ብቻ ነው። አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበታል። የወርክሾፑን እውነት የተናገረው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ያንን መዝገብና ለተወካይሽ የጻፍሽውን ጥያቄ ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። አትቀየሚኝና፣ የሁለቱም ጉድለት አንድ ነው። ምን፣ የት፣ በማን፣ እስከ መቼ የሚል ነገር በሁለቱም ውስጥ የለም።

ጥያቄሽ እንደጻፍሽው ቢነበብ የሚመጣውን መልስ አሁኑኑ ልነግርሽ እችላለሁ። «በበጀት ዓመቱ ለዚህን ያህል ዜጎች የሥራ ዕድል ተፈጥሯል፤ ይህን ያህሉ ቋሚ፣ ይህን ያህሉ ጊዜያዊ ነው።» ቁጥሩ ሐሰት ነው አላልሁም። ግን አንቺ በቁጥሩ ውስጥ የለሽም፤ ለምን እንደሌለሽም አይነግርሽም። በደፈናው ለተጠየቀ በደፈናው ይመለሳል፤ መላሹም ሳይዋሽ ወጥቶ ይሄዳል።

መጠየቁን ግን አትተዪው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለሥራ አጦችና ለችግረኞች ሥራ የሚፈጥር ፖሊሲ እንዲከተል ያዝዛል። ስለዚህ ወረቀት ስትሰጪ ልመና ላይ አይደለሽም፤ አንገትሽን አትድፊ።

ማንን እንደምትጠይቂ ግን እወቂ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሙያ ሥልጠናን ጉዳይ ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀርባል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014፣ ጉዳዩ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። የትምህርት ሚኒስትሩ ቢጠየቁ «ይህ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው» ብለው በትክክል ይመልሳሉ፣ የአንቺም ተራ እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚህም ሌላ፣ ኮሌጅሽን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ስለ ኮሌጁ ወርክሾፕና ስለ መምህራኑ ክትትል የምትዪውን ለክልሉ ምክር ቤት ተወካይሽ ስጪ። የሚሰበሰበው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ የባጃጅ መንገድ ነው።

የፌዴራሉ ምክር ቤት የዓመት ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋውም ሰኔ 30 ነው፤ በመሐል የአንድ ወር ዕረፍት ሊኖር ይችላል። ተወካይሽ ወደ አዲስ አበባ ሳይመለሱ ወረቀቱ እጃቸው ይግባ። ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚገኙበትና በቴሌቪዥን በሚተላለፈው ስብሰባ ላይ እንዲነበብልሽ አትጓጊ። በዚያ ቀን ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደረደራል፣ መልሱም በጥቅል ይመጣል። የሚኒስቴሩን ዕቅድና ሪፖርት አንቀጽ በአንቀጽ የሚያየው፣ የመስክ ምልከታም የሚወጣው ቋሚ ኮሚቴው ነው። «ለቋሚ ኮሚቴው ይቅረብልኝ» ብለሽ ጻፊ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ለትብብር ሥልጠና የሚላክ ሠልጣኝ በተመዘገበበት ሙያ መሥራቱን ድርጅቱ ድረስ ሄዶ የሚያረጋግጠው ማን ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ድርጅቶች በዚህ መልክ ታዩ? ደረሰኝ ሲያስጽፍ የከረመ ድርጅት በሚቀጥለው ዓመትም ሠልጣኝ ይላክለታል ወይ? በብረታ ብረት ከተመረቁት ሴቶች ስንቱ በብየዳ ሥራ ላይ ናቸው?» ከሥሩ የመዝገብሽን ቅጂ አያይዢ፤ የሰዎቹን ስም ሸፍኚው። የሻይ ብርጭቆውን ክብ ግን ተዪው። የሙያ ሥልጠናው 70 በመቶ በድርጅት፣ 30 በመቶ በተቋም ነው ሲባል ስንት ዓመታችን ነው፤ የአንቺ 70 በመቶ ጠረጴዛ ላይ መዋሉን አንድ ሰው በዓይኑ ይየው።

ወደ ራስሽ ልመለስ። የመንግሥትን መልስ ጠብቀሽ ሆቴሉን ብትተዪ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል። መልሱ ቢያምር እንኳን ከመልስ እስከ መመሪያ፣ ከመመሪያ እስከ በጀት፣ ከበጀት እስከ አንቺ ቤት ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሰኞ ግቢ።

ሙያሽ ግን እውነትሽን ነው፤ ይጠፋል። የብየዳ እጅ ካልሠሩበት ይረሳል። እኔ በልጅነቴ እንጨት ሥራ ተምሬ ለልምምድ የተላክሁበት ቤት ዓመቱን ሙሉ ዕቃ ሲያስቆጥረኝ ከርሞ፣ መሮ ስይዝ ጣቴን የምቆርጥ ሆኜ ወጣሁ። ዛሬ ምክር እየጻፍሁ የምኖረው ግማሹ በዚያ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሆቴሉን የጠዋት ወይም የማታ ፈረቃ ብቻ ጠይቂና በቀሪው ጊዜ ወርክሾፕ ፈልጊ። አሁን ግን እንደ ኮሌጁ ተላላኪ ሆነሽ አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ተለማማጅነት ውል የሚለው አለው፤ ብዙ አሠሪዎችም አያውቁትም። ይህ ኮሌጁ ከሚልክሽ የትብብር ሥልጠና የተለየ ነው፤ በአንቺና በአሠሪው መካከል የሚደረግ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት ላላነሰ ሰው፣ በጽሑፍ ተደርጎ አግባብ ባለው የመንግሥት አካል ይረጋገጣል። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ በዚያ ወቅት የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሥራው ሁኔታም ይሰፍርበታል። ሲያልቅ ምን ሙያ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠለጠንሽ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት አሠሪው ይሰጥሻል። «በጥሩ ሁኔታ እየሠራች ነው» ከሚለው ጋር አወዳድሪው።

ባለ ወርክሾፑ «ውል ምን ያደርግልሻል፣ እንዲሁ ነይ» ሊልሽ ይችላል። ብዙው እንደዚያ ነው የሚለው፣ ሁሉም በክፋት አይደለም። ያኔ አትጣዪው፤ አንድ ገጽ ላይ «በስድስት ወር ውስጥ የላሜራ በር፣ የቱቦላሬ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ ከመለካት እስከ ቀለም እሠራለሁ» ብለሽ ጽፈሽ እንዲፈርምልሽ ለምኚው። እንደ አዋጁ ውል አይቆጠርልሽም፤ «ደረሰኝ ጻፊ» ሲባል ግን አውጥተሽ የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል። በየሳምንቱ የሠራሽውንም በራስሽ እጅ መዝግቢ፤ ልኩን፣ የብረቱን ውፍረት፣ የተበላሸብሽንና እንዴት እንዳቃናሽው። ቀጣሪ ከምስክር ወረቀት ይልቅ የሚያምነው «ይህ ስፌት ተሰንጥቆብኝ እንዲህ አድርጌ ደገምሁት» የሚለውን ነው። ይህች ከተማ በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ከተከፈተላት ጀምሮ ስንት በያጅ አይታለች፤ የሠራ እጅና ያልሠራ እጅ ትለያለች።

የጓሮ በሩ ዝጎ ወድቋል ያልሽው ነገር ከደብዳቤሽ ሁሉ ደስ ያለኝ ነው። ካልተሳሳትሁ ስታመለክቺ ያየሽው እንደ በያጅ ነው፤ ገንዘብ ተቀባይ የምትሆን ሰው ዓይኗ እዚያ አይውልም። ሰኞ ሜትር በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ። ማጠፊያው ነው የተበላው ወይስ ክፈፉ፣ አጣርተሽ ለኪ። የብረቱን፣ የኤሌክትሮዱንና የቀለሙን ዋጋ ከሁለት ሱቅ ጠይቂና ለሥራ አስኪያጁ በአንድ ወረቀት አቅርቢ። የእጅ ዋጋሽን ከሥሩ ጻፊ፤ በነጻ አትሥሪ። ሳትነኪው በፊት ደግሞ የበሩን ፎቶ አንሺ፣ ከነዝገቱ።