ፊት ሲጣመም የሚመጣ ማዞር

ጥያቄ፦ የ52 ዓመቱ ባለቤቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ሲነሳ የግራ ፊቱ ተጣሞ፣ ዓይኑ አልከደን ብሎ ነበር። ማታውኑ ቤቱ ዞረበት፣ አስመለሰው። በሦስተኛው ቀን ጆሮው ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። ቤተሰቡ «ብርድ መቶት ነው» ብሎ ሲያሸው ከረመ፤ አንድ ክሊኒክ የቫይታሚን መርፌና የማዞር ክኒን ሰጠው። ክኒኑን እስከ ዛሬ ይወስዳል፤ ግን ዞር ሲል ይንገዳገዳል። ማዞሩ ከፊቱ ጋር ይያያዛል?

መልስ፦ አዎ፣ ይያያዛል። የፊት ነርቭ ከመስሚያውና ከሚዛን ነርቭ ጋር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የአጥንት ቦይ ውስጥ ያልፋል። አጥንት አይለጠጥም፤ አንዱ ነርቭ ሲቆጣ ጎረቤቱም ይጎዳል።

ሽፍታው የሚያመለክተው ራምሴ ሀንት የሚባለውን ሕመም ነው። በልጅነት ጉድፍ ያወጣው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ ይቀሰቀሳል፤ ጆሮ ላይ የወጣ አልማዝ ባለጭራ ማለት ነው። በተለመደው የፊት ነርቭ ሽባነት፣ በቤልስ ፓልሲ፣ እስከማስመለስ የሚያደርስ ማዞር አይጠበቅም። ሽፍታው ዘግይቶ ሊወጣ፣ ከነጭራሹም ላይወጣ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ቀን ጆሮው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝም ምርመራው እዚያ ማብቃት የለበትም። ሽፍታው እዚያም ሊወጣ ስለሚችል ላንቃና ምላስም ይታዩ።

በጣም የሚያሳዝነው ያለፉት የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ናቸው። ማሸትም ሆነ ቫይታሚን ቫይረሱን አይነካውም። በዚያ ጊዜ ሐኪም የሚያዘው የነርቩን እብጠት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን፣ ብዙ ጊዜ በቀን 60 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚቀነስ፣ ከፀረ ቫይረሱ መድኃኒት ከአሲክሎቪር 800 ሚሊ ግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 እስከ 10 ቀን ጋር ነው። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን በየቀኑ ይለካ፤ ኩላሊቱ የደከመ ደግሞ የአሲክሎቪሩ መጠን ይቀነስለታል።

አሁን ሊስተካከል የሚችለው ክኒኑ ነው። የማዞር ክኒን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይጠቅማል፤ ሲራዘም ግን አንጎል የጎደለውን ሚዛን በሌላው ጆሮ እንዳያካክስ ያደነዝዘዋል። ሐኪሙን አማክሮ ያቁም፤ በምትኩ ይለማመድ። «ሀ» የሚል ፊደል በክንድ ርቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፉለት። ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከፊደሉ ሳይነቅል ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፤ 1 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ። ፊደሉ ከደበዘዘ ፈጥኗልና ያዘግም። ሲለምደው ቆሞ ይሥራ። ጥቂት ማዞሩ አይቀርም፤ አንጎል የሚማረው በእሱ ነው። አልጋ ላይ መዋል ግን ያዘገየዋል።

ዓይኑ ዛሬም ካልተከደነ ቀን የእንባ ጠብታ በየሰዓቱ፣ ሌሊት የዓይን ቅባት ጨምራችሁ የዓይኑን ቆብ ከድናችሁ በፕላስተር አሽጉ። ጨርቅ ብቻ ማሰር አደገኛ ነው፤ ከጨርቁ ሥር ዓይኑ ከተገለጠ ጨርቁ ይፍቀዋል። ቀልቶ ካመመው በዕለቱ ዓይን ሐኪም ይየው።

ሌሎች አንባቢዎችም ልብ በሉ፦ ፊት ተጣሞ ግንባሩ ግን እንደወትሮው የሚጨማደድ ከሆነ፣ ወይም ክንድ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ጨርሶ መቆም ካቃተ፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል። ግንባሩ መፍዘዙ ብቻውን ስትሮክን አያስቀርም።

ባለቤትዎ የመስማት ምርመራ ካላደረገ በዚህ ሳምንት ያድርግ፤ አልማዝ ባለጭራ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ሊነሳ ስለሚችል የኤችአይቪ ምርመራም ይጨመርበት። ፊቱ በ3 ወር ካልተመለሰ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ኤምአርአይ (የውስጥ አካልን ምስል የሚያነሳ ምርመራ) ይዘዝለት።