ዶማውን ከማንሳታችሁ በፊት ስማችሁ መዝገብ ላይ ይስፈር

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ስምንት ጓደኛሞች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ በዌክፊልድ ፓርክ ጫካ ውስጥ የተራራ ብስክሌት እንነዳለን። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል። አንድ ቦታ ኩሬ ሠርቷል፣ ሌላ ቦታ የዛፍ ሥር ተገልጦ ጎማ ይይዛል። ዶማና አካፋ ይዘን ራሳችን ልናስተካክለው፣ ጅረቱ ላይም በሳንቃ ትንሽ ድልድይ ልንሠራ አስበናል። ዝም ብለን ሄደን መሥራት እንችላለን ወይ? በሠራነው ላይ ሰው ቢወድቅ እንከሰሳለን? ከእኛ አንዱ ቢጎዳስ ማን ያሳክማል? አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃዱ ገና አልደረሰውም። በነፃ መሥራቱ ጉዳዩን ያበላሽበታል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዎቻችን፣ ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ አትሥሩ። ፓርኩ የፌርፋክስ ካውንቲ የፓርኮች አስተዳደር ንብረት ነው። ያለ ፈቃድ አፈሩን የቆፈረ ወይም ዛፉን የቆረጠ ሰው፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ በሕግ ዓይን የሕዝብ ንብረት ያበላሸ ነው። ውጡ ተብሎ ወይም ምልክት ተተክሎ እያለ እምቢ ብሎ መገኘት ደግሞ በቨርጂኒያ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው።

ደግነቱ የሕጋዊው መንገድ በር ሰፊ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ሞር (MORE) የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሠራ፣ ለትርፍ ያልቆመ የተራራ ብስክሌት ነጂዎች ማኅበር አለ። ከፓርክ አስተዳደሮች ጋር ተስማምቶ የጥገና ቀን ያወጣል፣ ለየፓርኩም የሚከታተል ተጠሪ ይመድባል። ለተጠሪው ወይም በቀጥታ ለፓርኩ የበጎ ፈቃደኞች ክፍል ኢሜይል ጻፉ። በኢሜይሉ የተበላሸውን ቦታ ፎቶና የስልካችሁን ካርታ ነጥብ፣ ልትሠሩ ያሰባችሁትን፣ የምትይዙትን መሣሪያና ቀኑን ግለጹ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «በቃል ተነግሮን ነበር» ማለት ችግር ሲመጣ አያድንም። በሥራው ቀንም ሁላችሁም የስም መፈረሚያው ላይ ፈርሙ።

ይህን አጥብቄ የምለው ፊርማው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የፌዴራል የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ፣ ለመንግሥት አካል ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት በነፃ የሚሠራ ሰው በሥራው ላይ በተራ ቸልተኝነት ላደረሰው ጉዳት በግሉ እንዳይጠየቅ ይጠብቀዋል። እናንተ ስምንት ሆናችሁ በዋትስአፕ ተጠራርታችሁ ብትሄዱ ግን የማንም ድርጅት በጎ ፈቃደኞች አይደላችሁም፤ ሕጉ አይሸፍናችሁም። ያንኑ ሥራ በዚያው ዶማ ስማችሁ በመዝገብ ሰፍሮ ስትሠሩት ግን ትሸፈናላችሁ። የቨርጂኒያ የራሷ ሕግም ለክልሉና ለካውንቲዎች የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችን፣ ደመወዝ ተከፋይ ሠራተኞች ባላቸው ልክ የመንግሥትን ያለመከሰስ ጥበቃ ይሰጣቸዋል።

የፌዴራሉ ጥበቃ ግን ቀዳዳዎች አሉት። ከተመደበላችሁ ሥራ ውጭ ከሆናችሁ የለም። ለምሳሌ «ኩሬውን አድርቁ» ተብላችሁ በራሳችሁ ሐሳብ ሃምሳ ሜትር ርቃችሁ መዝለያ ጉብታ ብትሠሩ ጉብታው የግላችሁ ነው። ከወጪ ምላሽ ውጭ በዓመት ከ500 ዶላር የሚበልጥ ዋጋ ያለው ነገር ከተቀበላችሁም የለም። ሆን ተብሎ ለተደረገ ጥፋት፣ ለከባድ ቸልተኝነትና ለሰው ደኅንነት ደንታ ማጣት አይሠራም። በመኪና ለሚደርስ ጉዳትም አይሠራም። መሣሪያ ጭናችሁ ስትሄዱ አደጋ ብታደርሱ የሚከፍለው የራሳችሁ የመኪና ኢንሹራንስ ነው። ሕጉ ለግለሰቡ እንጂ ለድርጅቱ የተሰጠ አለመሆኑንም እወቁ።

ሰው ቢወድቅስ? ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ በሚያስተዳድረው ፓርክ የተጎዳ ሰው በካውንቲው ላይ ክስ እንዲቆምለት ከባድ ቸልተኝነት ማስረዳት አለበት፤ ተራ ጥንቃቄ ማነስ አይበቃውም። መሬቱን ለሕዝብ መዝናኛ በነፃ የከፈተ የግል ባለንብረትም ተመሳሳይ ጥበቃ አለው፣ ብስክሌት መንዳትም በሕጉ በስም ተጠቅሷል። በተጨማሪ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ዛሬ በአሜሪካ በጥቂት ቦታዎች ብቻ የቀረውን ጥብቅ ደንብ ይከተላሉ፦ ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ በጥቂቱም ቢሆን አስተዋጽኦ ካደረገ ካሣውን በሙሉ ያጣል። ስለዚህ የዛፍ ሥር ላይ ተንሸራትቶ የወደቀ ነጂ እናንተን ከሶ የመርታት ዕድሉ ጠባብ ነው።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። ብስክሌት እንዳይገባበት የፈለጉትን አቋራጭ ለመዝጋት ገመድ ወይም ሽቦ በአንገት ቁመት የሚዘረጉ ሰዎች አሉ። ይህን በፍጹም አታድርጉ። ሰው ይገድላል፣ ምንም ዓይነት የበጎ ፈቃድ ጥበቃም አያድናችሁም። መንገድ መዝጋት ካስፈለገ ከሩቅ የሚታይ የወደቀ ግንድና ቅርንጫፍ በመግቢያው ላይ ይጋደማል፣ እሱም በፓርኩ ፈቃድ። ከመታጠፊያ ኋላ የማይታይ መዝለያ፣ ጫፉ ያልተመታ ሚስማር የቀረበት ሳንቃ፣ በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ ሁሉ የከባድ ቸልተኝነት ክርክር የሚነሣባቸው ናቸው። ሥራውን ስትጨርሱ ከተለያየ አቅጣጫ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑንና የሠሩትን ስም ጽፋችሁ ለተጠሪው ላኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያስታውስላችሁ ያ ፎቶ ነው።

አሁን ወደ ኩሬው እንምጣ፤ ጥገናና አዲስ ግንባታ በሕግ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነውና። ኩሬ የሚፈጠረው ውኃ መውጫ ሲያጣ ነው። ጎማ መሐሉን እየጠቀጠቀ ያጎደጉደዋል፣ የተገፋው አፈር በቁልቁለቱ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ተከምሮ እንደ ከንፈር ይቆማል። ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት አራት ጣት የማይሞላ ጉብታ ነው፤ ውኃውን አግዶ የያዘው ግን እሱ ነው። ልምድ የሌለው ሰው አፈር ዝቆ ኩሬው ውስጥ ይደፋል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ያ አፈር ጭቃ ይሆንና ነጂዎች ጎኑን እየዞሩ መንገዱን ያሰፉታል። ትክክለኛው ሥራ ያንን ከንፈር በዶማ ቆርጦ ማንሳት፣ አፈሩን ከመንገዱ አርቆ መበተንና መንገዱን ወደ ቁልቁለቱ ጎን 5 በመቶ ያህል ማዘንበል ነው። አንድ ሜትር ስፋት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ማለት ነው። መሬቱ ውኃ አዝሎ ሳለ አትንኩት፤ በእጅ ጨብጣችሁት ውኃ የሚያንጠባጥብ አፈር ተጠቅጥቆ አይረጋም።

እስከዚህ ያለው ጥገና ነው፣ ፓርኩም ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይፈቅደዋል። ግን የመንገዱ ቁልቁለት መንገዱ ከተቆረጠበት ተዳፋት ቁልቁለት ግማሽ ከበለጠ (ተዳፋቱ 20 በመቶ ሆኖ መንገዱ ከ10 በመቶ ከበለጠ ማለት ነው) ውኃው ወደ ጎን መውጣቱን ትቶ መንገዱን ይከተላል። ብትጠግኑትም ይመለስበታል። መድኃኒቱ መንገዱን ማዛወር ነው፣ ያ ደግሞ አዲስ ግንባታ ነውና የአስተዳደሩን ውሳኔ ይጠይቃል። የተገለጠውን የዛፍ ሥርም አትቁረጡ፤ ዛፉ ቢወድቅ ጥያቄው ወደ እናንተ ይመጣል።

ድልድዩ ከሁሉም ከባዱ ነው። ፓርኩን አኮቲንክ ጅረት ያቋርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የቨርጂኒያ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጥበቃ ሕግ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚፈስ ጅረት በሁለቱም በኩል 100 ጫማ፣ 30 ሜትር ገደማ፣ ጥብቅ ቀጣና ያደርጋል። በዚያ ውስጥ ያለ ፈቃድ መቆፈርና ተክል መንቀል አይቻልም። ሳንቃችሁም በጎርፍ ተነሥቶ ታች ያለውን ቱቦ ቢደፍን ጉዳቱ ይሰፋል። ድልድዩን በሐሳብ ደረጃ ለፓርኩ አቅርቡት፤ ንድፉን እነሱ ያውጡ፣ ጉልበቱን እናንተ ስጡ። ምሰሶ የሚተከልበት ጉድጓድ ካለ ደግሞ አስቀድሞ 811 ተደውሎ ከመሬት በታች ያሉ መስመሮች ምልክት እንዲደረግባቸው ተጠሪውን ጠይቁ።

ከእናንተ አንዱ ቢጎዳ ማን ያሳክማል ላላችሁት፣ መልሱ ልብ የሚሞላ አይደለም። በጎ ፈቃደኛ ደመወዝተኛ ስላልሆነ በአብዛኛው የሠራተኛ ጉዳት ካሣ አያገኝም፤ የሚያሳክመው የራሱ የጤና ኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አዘጋጁ ለበጎ ፈቃደኞች የገዛው የአደጋ ኢንሹራንስ እንዳለና ጣሪያው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የተከራይ ኢንሹራንስ ያላችሁም ውሉን ገልጣችሁ እዩት፤ ብዙዎቹ እናንተ በሌላው ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት ከቤታችሁ ውጭም ይከፍላሉ። በሥራው ላይ ዶማ ከሚያነሣ ሰው ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። ይህ የደኅንነት ምክር ብቻ አይደለም፤ ቅድም ያነሣሁት ጥብቅ ደንብ እዚህም ይሠራል። ተጠግታችሁ ቆማችሁ ብትመቱ «አንተም አጥፍተሃል» ተብሎ ካሣውን ታጣላችሁ።

ብሔራዊ ደን ውስጥ ነገሩ ይለያል። ለምሳሌ በጆርጅ ዋሽንግተን ደን የበጎ ፈቃድ ስምምነት የፈረመ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ሕግ መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳትም፣ እሱ ለሚያደርሰውም እንደ ፌዴራል ሠራተኛ ይቆጠራል። ይህ ከሁሉም የተሻለ ሽፋን ነው። በአንጻሩ ያለ ፈቃድ እዚያ መንገድ መሥራትም ሆነ መጠገን እስከ 6 ወር እስራት ያደርሳል። የሞተር መጋዝ መያዝ የሚቻለውም የደን አገልግሎቱን የመጋዝ ሥልጠናና የመጀመሪያ ርዳታ ምስክር ወረቀት ለያዘ ብቻ ነው።

«ብጎዳ አልከስም» የሚል ሰነድ እንድትፈርሙ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ገና ላልደረሰ የአካል ጉዳት ቀድሞ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ምሕረት ዋጋ የለውም ብሏል። ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ግን በአብዛኛው ይጸናል፤ እዚያ ስትፈርሙ አንብባችሁ ፈርሙ።

ጥገኝነት የጠየቀውን ጓደኛችሁን በተመለከተ፣ እውነተኛ በጎ ፈቃድ ሥራ ቅጥር አይደለም። እውነተኛ የሚሆነው ለመንግሥት ወይም ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጥ፣ ክፍያ ሳይጠበቅበት ሲሠራና ሌላ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራውን ቦታ ሳይተካ ነው። ውኃ፣ ምሳ፣ ቲሸርት ችግር የለባቸውም። የሱቅ ኩፖን፣ የብስክሌት ዕቃ፣ ወይም «አሁን በነፃ ሥራ፣ በኋላ እንቀጥርሃለን» የሚል ተስፋ ግን ነገሩን ወደ ክፍያ ይጎትተዋል። ለግል የብስክሌት ሱቅ ወይም ለትርፍ ለሚሠራ የብስክሌት ፓርክ «በነፃ» አይሥራ። ያለ ፈቃድ መሥራት በራሱ ጥገኝነትን አይከለክልም፤ ነገ በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ ሲያመለክት ግን ሊነሣበት ይችላል። የተማሪ ቪዛ ላይ ላለ ሰው ከዚህም የባሰ ነው። ከሁሉም በላይ ለእሱ የሚያሰጋው ያለ ፈቃድ ቆፍሮ መከሰስ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው አሜሪካ ውስጥ ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ እሱ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አንድ አካፋ አፈር እንኳ አያንሣ፤ ማንኛውንም የበጎ ፈቃድ ፎርም ከመፈረሙ በፊትም ለስደት ጉዳይ ጠበቃው ያሳይ።

አደጋ ከደረሰ የጊዜ ገደቡ ይቀድማል። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ ወይም ከተማ ለመክሰስ ጉዳቱ በደረሰ በ6 ወር ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት ግድ ነው። ክሱ ራሱ በ2 ዓመት ውስጥ ይቀርባል፣ ሜሪላንድ ውስጥ በ3 ዓመት። የፌዴራል መንግሥት ላይ የሚቀርብ የካሣ ጥያቄ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በ2 ዓመት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ መግባት አለበት። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ የተጎዳው ሰው ሐኪም ቤት ሳለ፣ አንዳችሁ የቦታውን ፎቶ፣ የዕለቱን መሪ ስምና የምስክሮቹን ስልክ ይያዝ።