የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጥናቱ አለ፤ ፍሬው የት ነው?

ጥያቄ፦ ስምንት ሆነን በየሳምንቱ በቤት ኅብረት መጽሐፍ ቅዱስ ማጥናት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። እውቀታችን ጨምሯል፤ ኑሯችን ግን እንደነበረ ነው። ጉድለታችን ምን ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉድለቱ ከጥናቱ ይልቅ ከጥናቱ በኋላ ባለው ዝምታ ላይ ይመስለናል። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን የአምልኮ ስፍራዎች ዘግቶ መሪዎቿን ባሰረ ጊዜ፣ ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በስውር ይሰበሰቡ ነበር፤ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባላትም ሥርዓቱ እስኪወድቅ ድረስ ብዙ እጥፍ ሆነው ተገኙ። ስደትን የሚመኝ ባይኖርም፣ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተመልካች ሆኖ መቀመጥ አስቸጋሪ እንደነበር፣ ሴቶችም ኅብረቶችን ይመሩ እንደነበር ልብ ይሏል።

እንግዲህ ቃሉን ሰሚዎች ብቻ ሳንሆን አድራጊዎችም እንድንሆን የሚያዝዘውን ያዕቆብ 1፥22ን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ እያንዳንዱ ሰው እስከ ቀጣዩ ስብሰባ የሚፈጽመውን አንድ ተግባር፣ ለምሳሌ ከተኳረፈው ጎረቤቱ ጋር መታረቅን፣ ለሌሎቹ ይንገር፤ ቀጣዩም ስብሰባ አዲስ ምዕራፍ ከመገለጡ በፊት (ሻይ ቡናውም ከመቅረቡ በፊት ቢሆን እንመርጣለን) በዚሁ ተግባር ጥያቄ ይጀምር። ያልተሳካለትን ከመውቀስ ይልቅ አንዳችሁ አብራችሁት ሂዱ። በጉባኤ ሊነገር የሚከብደውን ደግሞ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተነጋገሩበት።